ፕሌይስቴሽን ላይ ያለው ሲምስ ለምን ዩቲዩብ ላይ እንደሚታየው አይሆንም?

ጥያቄው ይኸው፦ «ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የምንኖረው አሜሪካ ነው። ወንድሟ ፕሌይስቴሽን 5 ስላለው ሲምስ 4ን እዚያ ላይ አወረድንላት። ብዙም ሳትቆይ ‹ይሄ የውሸቱ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ የማየው ጸጉርና ልብስ የለውም፣ ላፕቶፕ ግዙልኝ› ማለት ጀመረች። አባቷ ደግሞ ‹ጌም ጌም ነው፣ ልጅቷ ላፕቶፕ አምሯት ነው› ይላል። እውነት ልዩነት አለው ወይስ እያታለለችን ነው?»

እህቴ፣ ልጅዎ አላታለለችዎትም። «የውሸቱ» ያለችው እርግጥ ተጋኗል። ፕሌይስቴሽኑ ላይ ያለውም ያው ሲምስ 4 ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ልጆች ግን የሚጫወቱት የጌሙ ኩባንያ ያወጣውን ብቻ አይደለም። ሌሎች ተጫዋቾች ቤታቸው ቁጭ ብለው የሠሩትን ጸጉር፣ ጫማ፣ ሶፋ፣ የቆዳ ቀለም ጨምረውበት ነው። ሞድ የሚሉት ይህንን ነው። ሲምስ 4 ላይ በነጻ እያወረዱ እንዲህ መጨመር የሚቻለው በኮምፒውተር ነው፤ ፕሌይስቴሽን ላይ ከውጭ ፋይል አምጥቶ የሚያስገቡበት ቦታ የለም።

አባቷም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ላፕቶፕ የማያምረው ልጅ የለም። ግን «ጌም ጌም ነው» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም። የእኔ እንጀራ ጌሞች ከኮምፒውተር ወደ ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ወዳለ የጌም ማሽን) ሲሻገሩ ሜኑውና አዝራሩ ለሰው ይመች እንደሆነ መፈተሽ ነው። የኳስ ወይም የመኪና ጌም ሲሆን ተጫዋቹ ልዩነቱን ብዙም አያየውም። የኑሮ ጌም ሲሆን ግን ሁለቱ ማሽኖች ሁለት ዓይነት ሰው ያፈራሉ። ስለዚህ መልሱ ረዘም ቢል ይታገሱኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የኑሮ ጌም የምለው አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበትን ነው። ቤት ይሠራሉ፣ ሥራ ይገባሉ፣ ያገባሉ፣ ያርሳሉ፣ ከጎረቤት ይጣላሉ። ሲምስ የዚህ ዘር አውራ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ2000 ለኮምፒውተር ነበር። የሠራው ሰው ዊል ራይት ይባላል። በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ላይ በተነሳ ትልቅ ቃጠሎ ቤቱን አጥቷል። ያጣውን ሲተካ ሰው ለመኖር ምን ምን ዕቃ ያስፈልገዋል ብሎ ማሰቡ ለጌሙ መነሻ ሆነው። ሐሳቡ ሲጀመር የቤት አሠራር ጌም ነበር፤ ሰዎቹ የገቡት ቤቱ ይመች አይመች እንደሆነ እንዲመሰክሩ ነው።

ይህ አጀማመር እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ቤቱን ጣሪያው ተነስቶ ያየዋል። በማውስ ግድግዳ ይስባል፣ ፍሪጅ ያስቀምጣል፣ ያዞራል፣ ሐሳቡን ይቀይርና ይሸጠዋል። ዓይን ያየው ቦታ ላይ እጅ ወዲያው ይደርሳል። ኮምፒውተር ላይ ሲምስ ከሚጫወቱት መካከል ሰዎቹን ጭራሽ የማያንቀሳቅሱ አሉ። ቤት ሠርተው፣ ምንጣፍ መርጠው፣ ፎቶ አንስተው ይዘጉታል። ለነሱ ጌሙ ያለው እዚያ ነው።

አሁን ይህንኑ በልጅዎ ቦታ ይዩት። ሶፋ ላይ ነች። ቴሌቪዥኑ ሁለት ሦስት ሜትር ይርቃል። የያዘችው ጆይስቲክ ነው። አንድ አምፖል ልትሰቅል ጠቋሚዋን በአውራ ጣቷ እየገፋች ስክሪኑን ታቋርጣለች። ትንሽ ስትገፋው አይደርስም፣ ትንሽ ስትጨምርበት ያልፋል። ከጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ላንሳ ስትል ጠረጴዛው ተነስቶ ይመጣል። ማውስ የያዘ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚጨርሰው ወጥ ቤት ለእሷ የከሰዓት ሥራ ነው። ይህ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። ጌሙ ለሌላ እጅ የተሠራ ነው።

ድሮ የኩባንያው ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። ሲምስ በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2፣ ለኤክስቦክስና ለጌምኪዩብ ሲወጣ እንዳለ አልተገለበጠም። «ጌት ኤ ላይፍ» የሚል አዲስ ክፍል ተሠራለት። ታሪኩ የሚጀምረው እናቱ ቤት ከሚኖር ሰው ነው። ምግብ መሥራት ተማር፣ ቴሌቪዥኑን ጠግን፣ ከእማማ ብር አግኝና ከቤት ውጣ ይባላል። (ለእኛ ሰው አዲስ ታሪክ አይደለም።) አንዱን ግብ ሲጨርስ ሌላ ቤትና ሌላ ዕቃ ይከፈትለታል። ሁለት ሰውም ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ጎን ለጎን መጫወት ይችላል። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ቤቱን በዕቃ ማጨናነቅ አይቻልም። ሲሞላ በቃ ሞላ ነው።

ሲምስ 2 ላይ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ። በ2004 ለኮምፒውተር የወጣው ልጅ የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚያረጅበት፣ የአያት አፍንጫ ለልጅ ልጅ የሚተርፍበት ነው። በ2005 ለኮንሶል የወጣው ሲምስ 2 ላይ ግን ማንም አያረጅም። በምትኩ ገጸ ባሕሪውን በጆይስቲክ ራስዎ ይዘው ያራምዱታል። ፍሪጁን ከፍተው ቅመማ ቅመሙን መርጠው ያበስላሉ። ስሙ አንድ፣ ጌሙ ሁለት ነበር። ኮምፒውተር ላይ ያለው ሰው ዘር ማንዘር ያዛል። ኮንሶል ላይ ያለው አንዱን ሰው ሆኖ ይኖራል።

ለእኔ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አዛዥ ያፈራል፣ ኮንሶሉ ነዋሪ። አዛዡ መሣሪያ ይፈልጋል። ሁሉም ነገር እንዲከፈትለት፣ ያልወደደውን እንዲቀይር፣ ከተቻለም የጌሙን ሆድ ዕቃ ገልብጦ እንዲያይ ይፈልጋል። ነዋሪው ግን ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ቢነገረው ደስ ይለዋል። ዛሬ ይህን ጨረስኩ ማለት ይወዳል። ፕሌይስቴሽን ላይ ትሮፊ የሚሉት ሽልማት ለዚህ ሰው የተሠራ ነው።

ስለ ትሮፊ ካነሳን አንድ ነገር ልንገርዎ። ሲምስ 4 ላይ በአቋራጭ ገንዘብ የሚያስገኝ ኮድ አለ። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ አንድ ላይ ተጭነው «ማዘርሎድ» ብለው ሲጽፉ 50,000 ሲሞሊዮን (የጌሙ ገንዘብ) ካዝናዎ ውስጥ ይገባል። ማንም ምንም አይልዎትም። ፕሌይስቴሽን ላይም ይሠራል፤ ከጆይስቲኩ አናት ያሉትን አራት አዝራሮች አንድ ላይ መጫን ነው። ጌሙ ግን እዚህ ላይ ያስጠነቅቃል፤ ኮድ በተጠቀሙበት ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታ) ላይ ከዚያ በኋላ ትሮፊ አያገኙም። ያው ኮድ አንዱ ቤት መጫወቻ፣ ሌላው ቤት ጥፋት ነው።

ሲምስ 4 በ2014 ለኮምፒውተር ወጥቶ በ2017 መጨረሻ ወደ ፕሌይስቴሽን 4ና ኤክስቦክስ ዋን ሲመጣ ኩባንያው የድሮውን መንገድ ተወው። ለነዋሪው የተለየ ጌም አልሠራለትም። የአዛዡን ጌም ጆይስቲክ ገጥሞ ሰጠው። በይዘት ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ የኮንሶል ሰው በሲምስ 2 ያልነበረውን ልጅ፣ እርጅናና የልጅ ልጅ አገኘ። በአጨዋወት ግን እኔ የ2003ቱን እመርጣለሁ። የልጅዎ ብስጭት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ እሷ ጉዳዩ ጸጉሩ ብቻ ይመስላታል።

ወደ ጸጉሩ ልምጣ። ኮምፒውተር ላይ የሲምስ ፎልደር ውስጥ «ሞድስ» የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። አንድ ሰው የሠራውን ሹሩባ አውርደው እዚያ ይከቱታል፣ ሞድ መቀበልን ከሴቲንግ ያበራሉ፣ ጌሙን ዘግተው ይከፍታሉ። በቃ፤ ገጸ ባሕሪዎ ሹሩባ ተሠራች። ይህ ለእኛ ልጆች ቀላል ነገር አይደለም። ሲምስ 4 ለብዙ ዓመት ጥቁር ቆዳን በደንብ አያወጣም፣ ግራጫ ያስመስላል ተብሎ ሲወቀስ ቆይቷል። ክፍተቱን ቀድመው የሞሉት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። አሚራ ቨርጂል የተባለች ተጫዋች «ሜላኒን ፓክ» ብላ የቆዳ ቀለም ሠርታ ስታወጣ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ አወረደው። ኩባንያው ከመቶ በላይ አዳዲስ የቆዳ ቀለሞችን ለሁሉም ያወጣው በታኅሣሥ 2020 ነው። የኮንሶል ተጫዋች እስከዚያ ድረስ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ኮንሶሎቹ ለምን አይፈቅዱም? ኮንሶል የኪራይ ቤት ነው። ገንዘብዎን ከፍለው ገብተዋል፣ መብራቱም ውኃውም አይቋረጥብዎትም፤ ሚስማር ለመምታት ግን አከራይ ይጠየቃል። አከራዮቹ ፕሌይስቴሽንን፣ ኤክስቦክስንና ስዊችን የሚሠሩት ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶ ናቸው። ፎልአውት 4 የተባለው ጌም በ2016 ሞድን ወደ ኮንሶል ሲያመጣ የሆነው ይህን ያሳያል። ኤክስቦክስ ላይ አዲስ ዕቃና አዲስ ሥዕል ተፈቀደ። ሶኒ ግን ከውጭ የመጣ ነገር አይገባም፣ ጌሙ ውስጥ ያለውን ማሸጋሸግ ብቻ ነው የሚቻለው አለ። በዚያ ደንብ አዲስ ሹሩባ አይታሰብም።

አከራይ መኖሩ ግን ጥቅምም አለው፣ ይህን ለወላጅ መደበቅ አልፈልግም። ኮምፒውተር ላይ ጌሙ አፕዴት ባደረገ ቁጥር ሞዶች ይበላሻሉ። ጠዋት ሲከፍቱት ገጸ ባሕሪዎቹ መላጣ ሆነው ወይም በሩ አልከፈት ብሎ ይጠብቃል። ጥፋተኛውን ለማግኘት ተጫዋቾች የሚያደርጉት ሞዶቹን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹን አውጥቶ መክፈት፤ ከተስተካከለ ችግሩ ከወጣው ግማሽ ነው፤ ያንንም ለሁለት መክፈል፣ እንደገና፣ እንደገና። ብዙ ሞድ ላለው ሰው አንድ ምሽት በዚህ ይሄዳል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ የያዙ የሲምስ ሞዶች ተገኝተው ነበር። ለ13 ዓመት ልጅ የማይሆኑ፣ ለአዋቂ ብቻ የተሠሩ ሞዶችም ሞልተዋል። ፕሌይስቴሽኑ ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ሁሉም የኑሮ ጌም እንደ ሲምስ ኮንሶል ላይ ይቸገራል ማለቴ አይደለም። ስታርዲው ቫሊ ተቃራኒው ነው። ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ ሰው ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን የሠራው የእርሻ ጌም ነው። መነሻው ራሱ ኮንሶል ነው፤ በ1996 ጃፓን ውስጥ ሱፐር ፋሚኮም ለሚባለው የድሮ የኒንቴንዶ ኮንሶል የወጣውን፣ በውጭ «ሃርቨስት ሙን» የተባለውን የእርሻ ጌም እያሰበ ነው የሠራው። በየካቲት 2016 ለኮምፒውተር ወጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ላይ ደረሰ፣ በ2017 ስዊች ላይ። እስከ 2024 መጨረሻ ከ41 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ 26 ሚሊዮኑ ኮምፒውተር ላይ፣ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋው ስዊች ላይ ነው።

ኮንሶሉን የማይከብደው ከላይ ሆኖ የሚያዝበት ጌም ስላልሆነ ነው። አንድ ገበሬ ነዎት። ወደ ፊትዎ ይዞራሉ፣ አዝራሩን ይጫናሉ፣ መሬቱ ይቆፈራል። ማውስ ያለው ሰው በዙሪያው ካሉት የመሬት ካሬዎች የፈለገውን ነካ እያደረገ ዘር ሲበትን ይፈጥናል፣ ያ እውነት ነው። ዓሣ ማጥመዱ ግን በበኩሌ በጆይስቲክ ይሻለኛል። ስዊች ይዞ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ጎመን ማጠጣትን የሚያህል ደግሞ የለም።

እዚያም ቢሆን ታዲያ ወረፋ አለ። ትልቁ 1.6 አፕዴት ኮምፒውተር ላይ የወጣው በመጋቢት 19፣ 2024 ነው። ኮንሶልና ስልክ ላይ የደረሰው በኅዳር 4። በመካከሉ ያሉት ሰባት ወራት ኮምፒውተር የሌለው ሰው ጓደኞቹ ስለሚያወሩት ነገር ላለመስማት ጆሮውን ሲደፍን ከረመ። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ኮምፒውተር ላይ አንድ ስህተት ከተገኘ ማታውኑ ይታረማል። ኮንሶል ላይ እያንዳንዱ አፕዴት ለእያንዳንዱ ማሽን እንደገና ተዘጋጅቶ፣ በባለቤቱ ኩባንያ ተፈትሾ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሠሪዎች ቀድመው ኮምፒውተሩ ላይ ስህተቱን ይለቅማሉ። አዲሱ የሲምስ ተቀናቃኝ ኢንዞይም በመጋቢት 2025 ያላለቀ ሆኖ ለሽያጭ የቀረበው ኮምፒውተር ላይ ነው። የኮምፒውተር ተጫዋች ያላለቀ ነገር ገዝቶ መነታረክ ይወዳል።

የኮንሶሉን ሰው በደንብ የሚያሳየኝ ግን አኒማል ክሮሲንግ ነው። ይህ ጌም የኒንቴንዶ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። በመጋቢት 2020፣ ዓለም በኮቪድ ቤቱ ሲዘጋ የወጣው «ኒው ሆራይዘንስ» ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ጌሙ የሚሄደው በእውነተኛው ሰዓት ነው። ውጭ ሲመሽ እዚያም ይመሻል። ድልድይ ለማሠራት ከፍለው ነገ ይምጡ ይባላሉ፣ ነገ ማለት ነገ ነው። እሑድ ጠዋት ብቻ ከምትመጣ ሻጭ አትክልት ይገዛሉ፣ ዋጋው በቀን ሁለቴ ይቀያየራል፣ በሚቀጥለው እሑድ ሳይሸጡት ከደረሰ ይበሰብሳል። አዛዡ ይህን አይታገስም፤ ማፍጠኛው የት አለ ይላል። ነዋሪው ሃያ ደቂቃ ተጫውቶ ስዊቹን ያስቀምጠዋል።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ የኑሮ ጌም የማይታየውም ለዚህ ነው። እዚያ ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። ኳስ አሥር ደቂቃ ትጫወታለህ፣ የተሸነፈ ይነሳል። ትዳር መሥርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሴቭ አድርጎ ነገ መመለስ አይታሰብም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ቀድመው የሚያውቁት ነገር ይኑር፤ ፕሌይስቴሽን ላይ የገዙት ማስፋፊያ (ለብቻው የሚሸጥ የጌሙ ተጨማሪ ክፍል) ወደ ኮምፒውተር አይሻገርም። የሠራችው ቤተሰብና ሴቩም እንዲሁ። ዋናው ጌም ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በሁሉም ላይ ነጻ ነው። ትልልቆቹ ማስፋፊያዎች ግን ቅናሽ ከሌለ 40 ዶላር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ እስኪለይ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ምንም አይግዙ። ልደቷ ቢደርስም አይግዙ።

መጀመሪያ አንድ ርካሽ ማውስና ኪቦርድ ፕሌይስቴሽኑ ላይ በዩኤስቢ ሰክተው ይስጧት። ሲምስ 4 ይቀበላቸዋል። ሌሎች ተጫዋቾች የሠሩትን ቤት የምታወርድበት «ጋለሪ» የሚባለው ክፍልም ከ2020 ወዲህ ኮንሶል ላይ አለ፤ ያሳዩዋት። ቤት መሥራቱ ቀልሏት ዝም ካለች ችግሩ እጇ ላይ ነበር ማለት ነው፣ ገንዘብዎም ተረፈ።

ዝም ካላለች፣ ጸጉሩንና ልብሱን ብቻ ሳይሆን «እኔም ብሠራስ» ማለት ከጀመረች፣ ላፕቶፑን ይግዙላት። ሞድ የሚሠሩ ልጆች ሥዕልና ኮድ ሳይታወቃቸው ይለምዳሉ። ለሲምስ 4 ውድ የጌም ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ ለትምህርት ቤት የሚሆን ደህና ላፕቶፕ ይበቃል። ሻጩ ኢንዞይንም ያጫውታል እያለ ወደ ውዱ እንዳይወስድዎት። እሱ በትንሹ አርቲኤክስ 2060 የሚባል ግራፊክስ ካርድና 12 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል።

ላፕቶፑን ሲሰጧት የእሷ አካውንት አስተዳዳሪ አይሁን፤ ፕሮግራም ለመጫን የእርስዎ የይለፍ ቃል ይጠየቅ። ለጸጉርና ለልብስ የሚወርደው ፋይል መጨረሻው ላይ «ፓኬጅ» ይላል። ጸጉር ነው ብላ ያወረደችው ነገር «ልጫን ወይ፣ ፍቀዱልኝ» ብሎ ከጠየቀ ጸጉር አይደለም፤ ሳይከፍቱ ይሰርዙት።